አዋሽና የአባቴ ቆስጣ

ስለ አንድ አሳይመንት ላወራችሁ ነው። ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ኮርስ ላይ መምህራችን “በደንብ የምታውቁትን አንድ ቦታ ጻፉ” ብለው አዘዙን። የክፍላችን ልጆች ስለ ትውልድ ሠፈራቸው፣ ስለ መናኸሪያው፣ ስለ ሰንበቴውና ስለ ጠላ ቤቱ ጻፉ። እኔ ግን ትልቅ ነገር ማንሳት አማረኝና “አዋሽ” ብዬ ጀመርኩ። ላይብረሪ ገብቼ ካርታ አየሁ፣ መጻሕፍት አገላበጥኩ፣ ቁጥር ለቀምኩ። ስምንት ገጽ ሞላሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጽፌ ስጨርስ ራሴን በጣም ነው የወደድኩት።

ያንን ጽሑፍ ያበላሸብኝ የዶርሜ ልጅ ነው። እንዴት እንዳበላሸው ከመንገሬ በፊት ግን ምን ጽፌ እንደነበር ባጭሩ ላሳያችሁ። ያኔ ውሸት ያለበት አልመሰለኝም ነበር፤ አብዛኛውም ዛሬም እውነት ነው።

የጀመርኩት ከእንጦጦ ነበር። የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ የሚወርድ ዝናብ ዕጣው በአንድ እርምጃ ነው የሚወሰነው። ወደ ሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወደቀው ጠብታ በሙገር አድርጎ አባይን ይቀላቀልና ሱዳንንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። ወደ ደቡብ፣ በከተማው በኩል የወደቀው ግን ወደ አቃቂ ወርዶ በአቃቂ በኩል አዋሽን ይይዛል። ይኼኛው ባሕር የሚባል ነገር ሳያይ ነው የሚቀረው። ሁለቱም ግን የአንድ ደመና ልጆች ናቸው። ተፋሰስ የሚባለውም ይኸው ነው፤ የዘነበበት ውሃ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት መሬት። አዲስ አበባ የተሠራችው በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ ነው። እዚያ ተወልጄ አድጌ ይህንን ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መሆኑ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

አዋሽ ራሱ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው የደንዲ ደጋ ነው። ከዚያ በበቾ ሜዳ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ክረምት ሲበረታበት ሜዳው ላይ ይተኛል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ግራና ቀኝ ሰንጥቀው ከወጡ በኋላ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኙና አዋሽን ይቀላቀላሉ። ቀጥሎ ቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ ጣሊያን በጦርነት ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 አለቀ፤ ለብዙ ጊዜም የአገሪቱ ትልቅ የመብራት ምንጭ ሆኖ ኖረ። ከቆቃ በታች ወንጂ አለ፤ የስኳር ፋብሪካ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያ ነው። ከዚያም መተሐራ፣ የአዋሽ ፓርክ ፏፏቴ፣ አዋሽ ሰባት፣ አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ተንዳሆ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ እያለ ይወርዳል። ከሰም፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያ በየመንገዱ ይጨመሩበታል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ከባሕር ወለል በላይ 250 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አቤ ጨዋማ ነው። መውጫ ስለሌለው የገባው ውሃ በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ግን ስለማይተን እዚያው ይከማቻል።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የዚሁ ሸለቆ ልጅ መሆኗን ጻፍኩ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1934 ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ አቤ መድረሱን ጻፍኩ። መዝጊያዬ ላይ ደግሞ አንባቢን ላሳዝን ብዬ እንዲህ የሚል አስገባሁ። “በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአፋር ክልል በጣለው ከባድ ዝናብ አዋሽ ሞልቶ ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቀለ።”

የዶርሜ ልጅ የአሳይታ ልጅ ነው። ሶሾሎጂ ነው የሚማረው። እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ ስለሆንኩ ተግባብተን እንኖራለን። ጽሑፉን የሰጠሁት እንዲያደንቅልኝ ነበር። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ስምንቱንም ገጽ አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን አስተካክሎ መለሰልኝና፣

“ጥሩ ነው። ግን አንተ ከየት ነው የመጣኸው?” አለኝ።

“እንዴት ከየት? አታውቀኝም እንዴ?”

“እኛ ጋ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።”

ከዚያ ስለ ዳጉ ነገረኝ። ስለ ዳጉ በኮርስም አንስተን ነበር፤ የአፋሮች የዜና ልውውጥ ባህል ተብሎ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ከሰው አፍ ሲሰማ ግን ሌላ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ፣ በየት በኩል አለፍክ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ውሃው የት ደረሰ፣ ከብቱስ፣ ሰላምስ አለ ወይ እየተባለ ይጠየቃል። የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ነው የሚናገረው። የሰማውን ያየሁት ነው ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል? ወሬው የከብት ጉዳይ ነው፣ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሣር አለ ተብሎ ሄደህ ሣር ከሌለ ከብትህ መንገድ ላይ ያልቃል።

“ይኼ ሁሉ የሰማኸው ነው” አለኝ ወረቀቱን እያሳየኝ። “ያየኸው የትኛው ነው?”

መልስ አልነበረኝም። እሱ ግን በዚህ አላበቃም።

“መጨረሻ ላይ ያልከው ደግሞ ትክክል አይደለም። ያን ጊዜ እኛ ጋ አልዘነበም።”

በ2012 የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ሌሊት ነው የመጣባቸው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮከቡ የሚቆጠር ነበር አለኝ። መጀመሪያ የሰሙት የፍየሎቹን ጩኸት ነው፤ ሲነሱ ውሃው ቤት ውስጥ ገብቷል። ትንንሾቹን ተሸክመው ከፍ ወዳለ ቦታ ወጡ። ሲነጋ በቆሎው የነበረበት ቦታ ቡናማ ሐይቅ ሆኖ አገኙት። ከሃያ ሦስት ፍየል ስምንት ተረፈ። አባቱ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት የቀሩትን ሸጦ ነው እሱን ያስተማረው።

“ራዲዮ ላይም እንዳንተው ‘በአካባቢው በጣለው ከባድ ዝናብ’ ነበር ያሉት። እናቴ ‘የት ነው የዘነበው?’ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? የዘነበው እናንተ ጋ ነው።”

ነገሩን በኋላ ስመረምረው ልክ ነበር። ደጋው ላይ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አሳይታ አካባቢ ግን 200 እንኳ አይሞላም። አዋሽን የሚሞላው የሸዋና የወሎ ክረምት ነው። በዚያ ዓመት ደጋው ላይ ከልክ ያለፈ ዝናብ ጣለ፣ ግድቦች ሞሉ፣ ውሃም ከግድቦች ተለቀቀ፤ ያ ሁሉ ተደማምሮ ወደ ቆላው ወረደ። ስለዚህ እኔ በስምንት ገጽ ስለ ተፋሰስ ካስተማርኩ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ተፋሰስ ምን እንደሆነ ያልገባኝ መሆኑን ራሴው አስመስክሬ ነበር።

እሱ “ቆሻሻችሁን ነው የምንጠጣው” አላለኝም፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አላጋንንም። የከተማው እጣቢ አሳይታ ድረስ እንዳለ አይሄድም። አባ ሳሙኤል ላይ ውሃው ይተኛል፣ ቆቃ ላይም ይተኛል። ደለሉም፣ ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ነገርም ብዙው እዚያ ይቀራል፤ ቆቃ ውሃ የሚይዝበትን ትልቅ ክፍል ያጣው በዚሁ ደለል ነው። አሳይታ የሚደርሰው የኛ ትርፍ ነው። በጋ ላይ ከተማውም፣ ሸንኮራውም፣ አትክልቱም፣ ጥጡም የፈለጉትን ያህል ቀድተው የተረፈውን ይልካሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ማንም የማይፈልገውን በሙሉ ይልካሉ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሳሰበኝ የጎርፉ መስመር አልነበረም፤ እሱ ይታረማል። የከነከነኝ “ያየኸው የትኛው ነው?” የሚለው ነው። ምክንያቱም ያየሁት ነገር ነበረ። አስቤበት ነው ያስቀረሁት።

አባቴ አትክልት አምራች ነው። ማሳው ከትንሹ አቃቂ ዳር ነው፤ የት ላይ እንደሆነ አልናገርም። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን ያለማል። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ጥቁር ደለል ያለብሰዋል፤ በጋ በሞተር ፓምፕ ውሃውን ስቦ ያጠጣል። ገና በጠዋት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ነጋዴ ሴቶች መጥተው መደቡን አይተው ተከራክረው ይገዛሉ፤ ራሳቸው አጭደው፣ አስረው፣ ታክሲ ላይ ጭነው ገበያ ይሄዳሉ። ዩኒፎርሜ፣ ደብተሬ፣ እዚህ ስመጣ የያዝኩት ሻንጣ ሁሉ የወጣው ከዚያ ቆስጣ ነው።

ውሃውን አውቀዋለሁ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ቀለሙን እያየሁ ቀኑን እገምት ነበር። አንዳንድ ቀን ጥቁር ነው፣ አንዳንድ ቀን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ አንዳንድ ቀን አረፋ ይዞ ይመጣል። ከላይ ፋብሪካዎች አሉ፣ ሽንት ቤታቸውን ወደ ወንዙ የለቀቁ ቤቶች አሉ፣ ጋራዦች አሉ። ቆዳ ሲለፋ ክሮሚየም ያለበት ጨው ይገባበታል፤ ሳይጣራ ከተለቀቀ ወንዝ ውስጥ ነው የሚደርሰው። በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይይዛል። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ ላይ ከብረቱ ሌላ የሽንት ቤት ጀርምና የወስፋት ጣጣም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቤት የኛ ሰላጣ አይበላም።

ለምን እንደማይበላ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እናቴ ጎመኑንና ቆስጣውን አጥባ፣ ደጋግማ አጥባ፣ ቀቅላ ትሠራዋለች። ሰላጣ ግን ገበታችን ላይ ቀርቦ አላውቅም። ልጅ ሆኜ አባቴ ሰላጣ የማይወድ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ በዓይኔ ያየሁት ይህ ነው። ስለ አዋሽ ስምንት ገጽ ስጽፍ ቴሲጀርን አስገብቼ አባቴን ያስወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በነጋታው ደወልኩለት።

“አባዬ፣ ስለ ማሳው ልጽፍ ነው።”

“ምን ብለህ?”

“ያው… ስለ ውሃው።”

ዝም አለ። ፓምፑ ሲንደቀደቅ ይሰማኛል።

“ውሃውን እኔ ነኝ እንዴ ያቆሸሽኩት?”

“አንተ አይደለህም።”

“እኮ! ጋዜጠኛ በመጣ ቁጥር ካሜራውን የሚደግነው የኔ ቆስጣ ላይ ነው። ለምን መሰለህ? የኔ ማሳ አጥር የለውም፣ ዘበኛ የለውም። ከላይ ያሉት ግን ግንብ አላቸው። ጋዜጠኛው በር ላይ ቆሞ ‘ፈቃድ አምጣ’ ይባላል፤ ከዚያ ወደኔ ይወርዳል። አንተም እንደነሱ ልትሆን ነው?”

እናንተዬ፣ ሁለት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ ይህን ያህል የሚያስደነግጥ የሙያ ጥያቄ ከማንም ቀርቦልኝ አያውቅም። ወንዝ ላይ የሚሠራ ዘገባ ሁሉ የሚጀምረው አጥር ከሌለበት ቦታ ነው። የደሃ ማሳና የተፈናቃይ ድንኳን ለካሜራ ክፍት ናቸው። ግንቡ ውስጥ ያለው ቱቦ ግን ለማየት ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዴድላይን ደግሞ አይጠብቅም።

ይሁንና አባቴ ልክ ቢሆንም ነገሩ እዚያ አያበቃም። ከላይ ያለውን ሳይ ተበዳይ ነው፤ ከታች ያለውን ሳይ ደግሞ አቀባይ ነው። ያቺ ነጋዴ፣ ሰላጣውን ገዝታ ለልጆቿ የምታቀርብ እናት፣ ካፌ ገብቶ ሳንድዊች የሚያዝ ተማሪ ሁሉ ከሱ በታች ናቸው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ሁሉም ሰው ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ጣቱ ልክ ነው፤ ውሃው የመጣው ከላይ ነውና። ግን ሁሉም ሰው ለሌላ ሰው “ከላይ” ነው። አሳይታ ሆነህ ስታየው አዲስ አበባ በሙሉ፣ ከነአባቴ፣ ከነእኔ፣ “ከላይ” ነው።

ይህን ስልክ ላይ አልነገርኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“አባዬ፣ ሰላጣውን ለምንድነው የማንበላው?”

“እናትህን ጠይቃት” አለኝ። ከዚያም ትንሽ ቆይቶ፣ “ጻፍ። ግን ከላይ ጀምረህ ጻፍ። እኔ ጋ ስትደርስም ስሜን አትጥራ።”

እናቴን እስካሁን አልጠየቅኳትም። መልሱን ስለማውቀው ይመስለኛል።

ከተማው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዝ ዳርቻ ልማት ብሎ ብዙ ቦታ እያስዋበ ነው። መናፈሻውን አይቻለሁ፤ ያምራል። አባቴ ግን ስለ መናፈሻ ሲነሳ ጨዋታ ይለውጣል። ወንዙ ቢጸዳ ከማንም በፊት የሚጠቀመው እሱ ነው። ወንዙ የሚጸዳው እሱ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ግን ከማንም በፊት የሚጎዳውም እሱ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሲታተም አንድ ሰው አንብቦ “እነዚህን አትክልተኞች አንሱልን” ብቻ ብሎ እንዳያልፈው እፈራለሁ። ማሳውን ማንሳት ቀላል ነው። ውሃው ግን በማግስቱም በዚያው ቀለሙ ያልፋል፤ ቀለሙን የሚያየው ሰው ብቻ ይጎድላል።

አሳይመንቱን እንደገና ጻፍኩት። ስምንቱ ገጽ አራት ሆነ። ቴሲጀር ወጣ፤ አባቴ ገባ። የ2012ቱ ጎርፍ መስመር ተስተካከለ፤ የዘነበው የት እንደሆነ፣ ጎርፉ የደረሰው የት እንደሆነ ለየብቻ ተጻፈ። ያየሁትን “አየሁ”፣ ያነበብኩትን “አነበብኩ”፣ የዶርሜ ልጅ የነገረኝን “ነገረኝ” ብዬ ለየሁ። ከላይ ያሉትን ለመጠየቅ ክረምት ላይ ሁለት ቦታ ደብዳቤ ላስገባ አስቤያለሁ፤ ዲፓርትመንታችን የትብብር ወረቀት ይጽፍልኛል ብዬም ተስፋ አደርጋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ የዶርሜ ልጅ ጋብዞኛል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ አሳይታ የሚገባው መንገድ ብዙውን ቦታ ከወንዙ ጋር አብሮ ይወርዳል። የአባቴን ማሳ ነክቶ ያለፈው ውሃ እስከ የት እንደሚደርስ በዓይኔ አያለሁ ማለት ነው።

አዲሱን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ማታ ዶርም ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሰላጣው ጋ ስደርስ ቀና አለ። አንብቤ እስክጨርስ ግን አላቋረጠኝም።

“አሁን ከየት እንደመጣህ ገባኝ” አለኝ።

ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ላጥፍ ስል ግን እንደገና ጠየቀኝ።

“ሰላጣው አሁንም ይሸጣል?”

“አዎ።”

“እንግዲያው ወሬህ አላለቀም” ብሎ መብራቱን አጠፋ።